የእርሳስ ነጥብ

መምህር ጀማሉዲን ደሴ በሚገኘው ቤታቸው፣ ጭንቅላታቸው የመስኮቱን ድንጋይ መትቶ፣ ሞተው የተገኙት በ1974 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። መቶ አለቃ ሞላልኝ ሲደርስ የአብዮት ጥበቃው ብሩ ሚስታቸውን ሐዋን ይዞ ጠበቀው። ሞላልኝ እንግሊዝኛ የተማረው ከእኚሁ ሰው ነበር፤ ግን ሥራ ሥራ ነው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለ ብሩ። «ሦስት ሰዓት ላይ ገበያ ስትወጣ ያልታረመ ሠላሳ ደብተር ነበር፤ ራሷ ናት ያለችው። ይኸው ሁሉም ታርሟል። የአምስት ሰዓት ሥራ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። እሷ ደግሞ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እቤት ናት። ሰኞ ወህኒ ትወርዳለች።»

«ወላሂ አላየሁትም» አለች ሐዋ። «ሲያርም በሩን አንኳኩቼ አላውቅም። ሃያ ዓመት እንዲያ ኖርን። ምነው ዛሬ ባንኳኳሁ።»

«ሰሞኑን ያስከፋቸው ነገር ነበር?» ሲል ሞላልኝ ጠየቃት።

«ሐሙስ ከፒያሳ አዲስ መጽሐፍ ገዝቶ መጣ። ገልጦ አየና እራት አልበላም። መጽሐፉ አሁን የለም።»

መምህር በላቸው፣ የሟቹ የልብ ጓደኛና እንደሳቸው የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ እያለቀሱ ገቡ።

«ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ኮምቦልቻ ነበርኩ» አሉ። «ወንድሜን ሳልሰናበተው።»

ሞላልኝ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ከዚያ ደሴ ፒያሳ ሄዶ ሻጩን ጠይቆ ያንኑ መጽሐፍ አገኘ። እሑድ መምህሩ ሲቀበሩ ሐዋ ቀበሌ ታስራ ነበር።

ሰኞ ጧት ሁሉንም በዚያው ክፍል ሰበሰባቸው።

«ጋሽ ጀማል ስህተት ሲያገኙ ከሥሩ የእርሳስ ነጥብ ያደርጋሉ እንጂ መልሱን አይጽፉም። ተማሪው ራሱ እንዲያገኘው ነው። ከሠላሳው ደብተር ስምንቱ ላይ ነጥብ ብቻ አለ። ሃያ ሁለቱ ላይ መልሱ ተጽፏል። ሠላሳው አምስት ሰዓት ከፈጀ ስምንቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል አያልፍም፤ ስለዚህ አራት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ሞተዋል፤ እትዬ ሐዋ ያኔ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ነበሩ፣ ነጋዴዎቹ አይተዋቸዋል። የቀረውን በጥድፊያ ያረመው ሌላ ሰው ነው፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ የሞቱ እንዲመስል። ብሩ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ እትዬ ሐዋም አያውቁም። መምህር በላቸው፣ እርስዎ መልሱን እያወቁ ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም።»

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «አልመጣም?» ሲባል «አዎ» የሚል የወሎ ልጅ በእንግሊዝኛ ለምን «ኖ» ማለት እንዳለበት፣ ጀማሉዲን አሥራ ሁለት ዓመት የለቀሙት ግራ የሚያጋባ ነገር ሁሉ ታትሞበታል። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የበላቸው ነው።

በላቸው አንገታቸውን ደፉ።

«አሳትምልኝ ብሎ ነበር የሰጠኝ። ቅዳሜ ጧት ጠርቶኝ ‹ብትለምነኝ እኮ እሰጥህ ነበር› አለኝ። ከስድብ ይልቅ ያ ንግግሩ ገደለኝ። ገፈተርኩት።»

«እኔን ሲያስሩኝ» አለች ሐዋ በቀስታ፣ «ቆመህ አየህ።»

ፍርዱ ካለቀ በኋላ ደብተሮቹ ወደ ጀማሉዲን ክፍል ተመለሱ። ሐዋ የበላቸውን መልሶች በላጲስ ታጠፋለች፤ ሞላልኝ በቦታቸው ነጥብ ያደርጋል። የመጨረሻው ደብተር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ አነበበ። ልክ ይሁን ስህተት መለየት አቃተው። እንደ ልጅነቱ ሊጠይቅ ቀና አለ፤ የጋሽ ጀማል ወንበር ባዶ ነበር።