ባሕር ባሕር የሚሸት ዘርፍ

ኸልፋን በገዛ ሽቶ ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ጭንቅላቱን የፈነከተው የነሐስ ዘነዘና አጠገቡ ወድቋል። መርማሪ ዙወይና ተንበረከከችና ከነጭ ቀሚሱ አንገት የሚንጠለጠለውን የክር ዘርፍ በሁለት ጣቷ አንስታ አሸተተች። ዘርፉ ገና እርጥብ ነበር፤ ባሕር ባሕር ይላል።

የሱር ከተማ ወንድ ዘርፉን በሽቶ የሚነክረው ከቤቱ ሊወጣ ሲል ነው። በማለዳ ሱቁን ከፍቶ እንደገና የሚነክር ግን ሴት የምትጠብቀው ወንድ ነው። ስለዚህ አብሯት ለመጣው ወጣት መኮንን ነገሩ ያለቀ መሰለው፤ ኸልፋን ተኳኩሎ ሊወጣ ሲል ሚስቱ ሸምሳ ደረሰችበትና ገደለችው። የሸምሳን ቅናት ገበያው ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ «ሌላ ሴት ካሸተተችው ቀብሬው ነው የምገባ» ብላለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ያቺ አንዲት ቃል አሁን ጡት ከሚጠባ ልጇ ነጥላ ወደ ወህኒ ልትወስዳት ነው።

«እስከ ከሰዓት ታገሠኝ» አለችው ዙወይና። «ቀሚሱንም ማንም እንዳይነካው።»

ነገሩ ሁሉ የመጣው ኸልፋን በሠራው አዲስ ሽቶ ነው። ቀለል ያለ፣ ገና ከውኃ የወጣ ሰው የሚመስል ሽታ ነበረው፤ ስሙንም «ባሕር» አለው። በዚያ በጋ ወንዱ ሁሉ የአባቱን ዑድ፣ ያን ከባድ የእንጨት ሽቶ፣ ትቶ ወደ እሱ ሮጠ። ዕድሜውን ሙሉ የባሕር ሽታ አልለቅ ያለው ዓሣ ሻጭ እንኳ ከፍሎ ገዛ። ሴቶቹም መንገድ ላይ ዞር እያሉ ማየት ጀመሩ፤ ያን ጊዜ ነው የብዙ ቤት ሰላም የተናጋው።

ሸምሳ ከሱቁ ጥግ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደርቋል።

«ባሕርን ተቀብቶ አያውቅም» አለች። «ለሰው ሽጥ፣ አንተ ግን እንዳትነካው ብዬ አስምዬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ዘርፉን የምነክርለት እኔ ነኝ፣ በአባቱ ዑድ። ዛሬም ነክሬለት ነው የወጣው።»

«በዑድ ለምን፣ ልጄ?»

«እንደ ሽማግሌ እንዲሸት ነዋ። ያን ሽታ ይዞ ቢወጣ ማን ይመልስልኛል?»

መኮንኑ ከንፈሩን ሸረመመ። ዙወይና ግን ወደ ሟቹ ታላቅ ወንድም ወደ ዘህራን ዞረች። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። እሱም ቅናቱን አልደበቀም። ዕድሜውን በዑድ ላይ ጨርሶ ታናሹ በአንድ በጋ ከተማውን ሲወስድበት እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

«የኸልፋን የራሱ ጠረን ምን ምን ይል ነበር?» ስትል ጠየቀችው።

«ዑድ። በየማለዳው አፍንጫ ለአፍንጫ ሰላም የምንባባል ወንድማማቾች እንዴት ይጠፋኛል? ባሕርማ እንኳን ሊቀባው፣ ዛሬ ሱቁ ውስጥ አንዲት ጠብታ የለም። የመጨረሻዋን ጠርሙስ ትናንት የጎረቤታችን ሚስት ራያ ገዛቻት።»

የራያ ባል ሑመይድ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሱቆቹ በጓሮ በር ይገናኛሉ። ዙወይና ገና ከደጃፉ ስትደርስ የባሕር ሽታ ተቀበላት። ሑመይድ በትሕትና አስቀመጣት፤ ዛሬ ኸልፋንን ዓይኑን እንኳ እንዳላየው ማለላት።

«ነፍሱን ይማር» አለ። «ባሕር ባሕር እየሸተተ ሲያልፍ ሴቱ ሁሉ ዞሮ ያየው ነበር።»

«ሰላምታችሁስ እንዴት ነበር?»

«ከረመዳን ወዲህ በሩቁ ነው። እጅ እናነሳለን።»

ከሰዓት ሁሉንም፣ ራያንም ጭምር፣ ሽቶ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ለአጠባ ተወስዷል፤ ቀሚሱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። መኮንኑን ጠርታ ዘርፉን አሽትት አለችው። አሸተተ፤ ደግሞ አሸተተ።

«ዑድ ነው» አለ ግራ ተጋብቶ።

«ባሕር እንግዳ ነው፤ ሲሞቅ ይሄዳል። ዑድ ባለቤት ነው፤ ይቀራል። ክሩን እየው፣ ከሥሩ ቡኒ ሆኗል። በአንድ ቀን እንዲህ አይሆንም። ሸምሳ እውነቷን ነው። እንግዲያው ባሕሩን የነከረው ገዳዩ ነው። ለሴት የተኳኳለ አስመስሎ ቀናተኛዋን ሚስት ሊያስበላት።»

ሸምሳ ልጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«አሁን ማን እንደሆነ እንይ» አለች ዙወይና። «ሸምሳ ዑዱን ታውቃለች፤ ዘህራንም ያውቃል። ሁለቱም በዚህ ዘርፍ ላይ ባሕር አይነክሩም፣ ውሸቱ ወዲያው ይታወቃላ። ባሕር የኸልፋን ጠረን ነው ብሎ የሚያምን፣ ሱቁን ከሰውየው ያልለየ ነው። ከረመዳን ወዲህ አፍንጫውን ወደ ኸልፋን አስጠግቶ የማያውቅ። ሑመይድ፣ ወንድሜ፣ ሱቁ ውስጥ ጠብታ አልነበረም፤ ከኪስህ ነው ያመጣኸው። ትናንት የተገዛችውን ጠርሙስ እስቲ አሳየን።»

መኮንኑ ከሑመይድ ኪስ አወጣት። ግማሿ ጎድሏል።

ሑመይድ መርማሪዋን አላየም። ሚስቱን ነበር የሚያየው።

«አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ» አላት። «ስቀባው ዓይንሽን ጨፍነሽ ፈገግ ትያለሽ። በኔ ላይ የሌላ ሰው ጠረን እያሸተትሽ። የማን እንደሆነ የማላውቅ መሰለሽ? ዛሬ ጠዋት ገብቼ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ።»

ራያ ወደ ባሏ ቀረበች።

«የአባቴ ነው» አለች። «ከዓሣ ማጥመድ ማለዳ ሲመለስ ያቅፈኝ ነበር። ባሕር ከወሰደው ዓመት ጀምሮ ያን ጠረን አጥቼው ነበር። አንተ ስትቀባው ቤቴ የገባሁ መሰለኝ፤ ደስ ያለኝ ባንተ ነው። ኸልፋን ያልከው ሰውማ ምን ይሸት እንደነበር ታውቃለህ? ሽማግሌ፣ ሽማግሌ ነበር የሚለው።»

መኮንኑ የሑመይድን እጅ አሰረ።

ሸምሳ የራያን ቃል ስትሰማ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ለካ ቅናቷ ሠርቶላት ነበር፤ ማንም ሴት አልፈለገችውም፤ እሱም መሐላውን እስከ መጨረሻው ጠብቆላታል። ከዚያ ወደ ዘህራን ዞረች።

«ሲታጠብ ባሕርን ቀቡት። ዛሬ ይቀባው፤ ፈቅጄለታለሁ።»

«ከሱ በቀር መሥራቱን የሚያውቅ የለም፣ እህቴ» አለ ዘህራን። «ያለችውም ያቺ የገዳዩ ጠርሙስ ናት።»

ሸምሳ ልጇን አቀፈችና የዑዱን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አውርዳ ወደ ባሏ ሄደች።