በወጣው ፎቶ ፈንታ

ውድነሽ ዘወትር ጠዋት ወደ ቤተ መዛግብቱ ምድር ቤት ትወርድና ነጭ ጋወኗን ደርባ፣ እጇን ታጥባ አድርቃ፣ ለስላሳ ብሩሿን ይዛ ትቀመጣለች። ሥራዋ ሰዎች ፎቶና የጋዜጣ ቁራጭ የለጠፉባቸውን አሮጌ ደብተሮች ከአቧራና ከብል ማዳን ነው። ባሏ ጌትነት በመኪና አደጋ ከሞተ አራት ወሩ ነው። በቀብሩ ዕለት አንዲት እንባ ጠብ ስላላላት ሰፈሩ ሳያማት አላለፈም፤ እሷ ግን ምን ታድርግ፣ ውስጧ ደንዝዟል። የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መልኩ እየጠፋባት ነው። ጌትነት ካሜራ ሲያይ የሚሸሽ ሰው ነበርና ቤት ውስጥ አንድ ፎቶ እንኳ የለውም፣ መታወቂያውም አደጋው በደረሰበት ቀን የገባበት አልታወቀም።

ሰኞ ዕለት የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ አንድ ወፍራም ደብተር አመጡላት። በ1958 ዓ.ም. የፈረሰ የአንድ ዕድር ጸሐፊ፣ አባል በሞተ ቁጥር ፎቶውን በዱቄት ሙጫ እየለጠፈ ከሥሩ ስሙንና የተቀበረበትን ቀን የጻፈበት ነው። ስትገልጠው የአሮጌ ወረቀት ሽታ አልመጣም፤ አሁን ተቦክቶ የተተወ የሚመስል የሊጥ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። የመጀመሪያውን ፎቶ ጠርዝ ስትነካ ሙጫው ጣቷ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ርጥብ ነው» አለች።

«ክረምት አይደል እንዴ ልጄ፣ ምድር ቤቱ ነዋ» አሉና ወጡ። ሌሎቹ ደብተሮች ሁሉ እንደደረቁ ልትነግራቸው አስባ ነበር፤ ታከታትና ተወችው።

ማክሰኞና ረቡዕ ገጽ በገጽ እየጠረገች፣ በየመሃሉ ስስ ወረቀት እያስገባች ሄደች። ከፎቶዎቹ ሥር ያለው ቀን 1957 ሆነ፣ 1958 ሆነ፣ ቀጥሎ 1977፣ ከዚያም አምና። እጅ ጽሑፉ ግን ያው የጸሐፊው ነው። ሐሙስ ዕለት ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ፣ አምፖሉ ከተቃጠለበት ጨለማ ውስጥ፣ መዳፍ ወረቀት ላይ ተጭኖ ቀስ እያለ የሚያስተካክል ዓይነት ድምፅ ሰማች፤ ብሩሿን ስታቆም እሱም ያቆማል፣ ስትቀጥል ይቀጥላል። ሌላ ሰው ቢሆን እግሬ አውጪኝ ብሎ ይሮጥ ነበር። ውድነሽ ገጹን ገለበጠች።

አርብ ጠዋት ጌትነትን አገኘችው። ያንን ቡናማ ጃኬቱን ለብሶ ቀጥ ብሎ ያያታል፤ ከሥሩ ስሙና የተቀበረበት ቀን ሳይዛነፍ ሰፍሯል። «ውይ!» አለች፤ በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። እንዴት እዚህ ገባ ብላ አልጠየቀችም፤ የፈለገችው ያንን ፊት ቤቷ ወስዳ ማየት ብቻ ነበር። ስሷን ቢላ ከሥሩ ብታስገባ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ያለ ትግል ተነሣላት፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሃያ ዓመት ሥራዋ አንዲት ቅዳጅ ሰርቃ አታውቅም።

የእጅ ልማድ ክፉ ነው። ከደብተር አንድ ነገር የሚያነሣ ሠራተኛ በቦታው ስሙንና ቀኑን ጽፎ የሚፈርምበት ምትክ ወረቀት ይተዋል፤ እሷም ሳታስበው «ውድነሽ ካሳሁን» ብላ ጻፈች፣ የዕለቱን ቀን ጨመረች፣ ፈረመች፣ ባዶው ቦታ ላይ አኖረችው። ርጥቡ ሙጫ ወዲያው ያዘው። ከመደርደሪያው ጀርባ ያለው ድምፅም ጸጥ አለ።

አሥር ሰዓት ላይ ሰፈሯ ስትደርስ ደጃፏ ላይ ድንኳን ተተክሏል። የጎረቤት ሴቶች «ውድነሽዬ! ውድነሽዬ!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ፤ በመካከላቸው ስታልፍ አንዷም ቀና ብላ አላየቻትም። ውስጥ፣ ፊት ለፊት፣ በሐዘንተኛው ቦታ፣ ጌትነት ጺሙን ሳይላጭ በቡናማ ጃኬቱ ተቀምጧል፤ ሰው በየተራ እየቀረበ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለዋል። ያ ሁሉ ያልወጣ እንባ ዱብ ዱብ አለ። እንዴት እንደናፈቃት ያወቀችው ገና አሁን ነው።

«ጌትዬ!» ብላ ጮኸች።

ቀና ያለው እሱ ብቻ ነበር። «አይዞሽ ሆዴ፣ አንቺው በእኔ ቦታ ፈርመሽ የለም እንዴ» አላት በለሆሳስ፣ እጁንም ለቀጣዩ አጽናኝ ዘረጋ።