ከገላባት የመጡት አጫጆች

ከባለቤቴ ከይርጋ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ነገር ያረጁ ሸዋሎችን መጣፍ ነበር፣ እኛ አካባቢ ጆንያውን ሸዋል ነው የምንለው፣ የእሱ ዓይን ስለደከመ ክሩን እኔ መርፌው ውስጥ እያስገባሁ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ቀዳዳውን ይጥፋል፣ ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። «ይኼኛውን አይጥ በልቶታል» አለኝ፣ «ጣለው» አልኩት፣ አልጣለውም። በማግስቱ ትኩሳት ያዘው። ክረምት ላይ እኛ ያለንባት የሱዳኗ የመፋዛ ጥቁር አፈር መኪና አያስኬድም፣ በትራክተር ተጎታች ላይ አስተኝተን ወደ ሐኪም ስንወስደው መንገድ ላይ አረፈ።

እኔ በጥላ፣ በመንፈስ፣ በቀትር ጋኔን የማምን ሴት አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሾዋክ አጠገብ በነበረው የስደተኞች መጠለያ ሕፃናትን ፊደል ሳስተምር፣ ልጆቹ በቀትር ወንዝ አንወርድም ሲሉኝ እጃቸውን ይዤ የምወርድ ነበርኩ። ዛሬም አላምንም ብል ይቀለኛል። የሆነውን ግን እንደሆነው እጽፈዋለሁ፣ እናንተ እንደፈለጋችሁ ውሰዱት።

ይርጋ ስለ ራሱ የማይናገር፣ ስለ አገሩ ግን አፉ የማይዘጋ ሰው ነበር፣ አገሩ ስል የተወለደበትን አርማጭሆን ማለቴ አይደለም፣ ይህን የራሃድ ወንዝ ዳር ወረዳ ነው። በየዓመቱ መከር ሲደርስ ድንበሩ ላይ ገላባት ይወርድና ከመተማ የሚሻገሩትን አጫጆች ይቀጥራል፣ በሎሪ ጭኖ ሲያመጣቸው መንገዱን ሙሉ የወረዳውን ታሪክ ይተርክላቸዋል። ይህ ሁሉ ጫካ ነበር፣ አንበሳ ያገሳበት ነበር ይላል፣ ከዚያ መሬቱን በገመድ ለክተው ሸነሸኑት፣ ትራክተር መጣ፣ ጫካው ከሰል ሆኖ ከተማ ገባ፣ ማሽላው ግመል ይደብቅ ነበር፣ አፈሩ ሲደክም አቀንጭራ የሚሉት አረም ወረሰውና ሰው ሁሉ ወደ ሰሊጥ ዞረ ይላል። ስለ ሰዎቹም ያወራል፣ ሐውሳዎቹ ከምዕራብ አፍሪካ መካ ለመሄድ ተነሥተው ለስንቅ የሚሆን ሥራ ፍለጋ እዚህ ወርደው በዚያው ለልጅ ልጅ እንደቀሩ፣ እኛ ደግሞ ከጦርነትና ከረሃብ ሸሽተን ከኋላቸው እንደደረስን። የራሱን ታሪክ ግን እዚያ ውስጥ አያስገባም።

በዚያ ዓመት እሱ ሞቶ ሰሊጡ ደረሰ። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፣ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ፍሬው አፉን ሳይከፍት ካልታጨደ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፣ ከረገፈ በኋላ ማንም አይለቅመውም። መሬቱ የኪራይ ነው፣ ባለመሬቱ ሱዳናዊ ደግ ሰው ነው፣ ለቅሶ መጥቶ ከጎኔ ተቀምጦ «አልቻልኩም ካልሽ ግድ የለም፣ ለከርሞ ለሌላ እሰጠዋለሁ» አለኝ፣ ለእኔ ብሎ ነው ያለው። ቤታችን ግን እርሻው ጫፍ ላይ ነው፣ እርሻው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። ገላባት የምልከው ሰው አልነበረኝም። ጎረቤቴ ሐጃ መርየም ልጆቿን ልትልክልኝ ፈልጋ ነበር፣ የእነሱም ሰሊጥ በዚያው ሳምንት ደረሰ። እኔ በበሩ እያየሁት ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን በቀትር፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ በገባበት ሰዓት፣ ከራኩባው በኩል ብረት ከብረት ሲነካ ሰማሁ። ራኩባ የምንለው አጫጆቹ የሚያድሩበት የሣር ዳስ ነው፣ ከቤቱ ትንሽ ራቅ ይላል፣ በዚያን ጊዜ ባዶ ነበር። ፍየሏ ናት አልኩ፣ ፍየሏ ግን እግሬ ሥር ተኝታ ታመሰኳ ነበር። ደግሞ ሰማሁት፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው ሸክሙን ሲያወርድ እንደሚሰማ። ውሻችን ተነሣ፣ ወደዚያ አየ፣ አልጮኸም፣ ጭራውን ሁለት ጊዜ ወዝወዝ አድርጎ ተመልሶ ተኛ። ወጥቼ ያየሁ ይመስላችኋል፣ አልወጣሁም፣ ፈርቼም አይደለም፣ እመኑኝ፣ ያን ሰሞን ከተቀመጥኩበት የሚያስነሣኝ ምክንያት አልነበረኝም።

ፀሐዩ በረድ ሲል «ቤቶች» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ስድስት ያህል ወንዶች አቧራ ለብሰው ደጄ ቆመዋል። ቀደም ያለው ጎልማሳ ደምሌ እባላለሁ አለ፣ የሌሎቹ አለቃ መሆኑ ያስታውቃል።

«እንዴት ዋሉ እትዬ፣ የይርጋ ቤት ይኼ ነው?»

«ነው» አልኩ።

«ተመስገን። ይኼ ካሴ መንገዱን ስተናል እያለ ሲያለቅስብን ነው የመጣው።»

«ያለቀሰው እግሬ ነው፣ እኔ አፌን መች ከፈትኩ» አለ ካሴ የተባለው፣ ጫማውን አውልቆ አፈሩን እያራገፈ።

«አፍህንማ ብትዘጋው ዝናብ ይጠፋል» አለው ደምሌ፣ ወደ እኔም ዞሮ «ማጭዳችንን የት አኖረው?» አለኝ።

የቱን ማጭድ አልኩት።

«ባለቤትዎ የያዘውን ነዋ። ከዋናው መንገድ መገንጠያው ላይ ሎሪው ሲያወርደን፣ ፀሐዩ እስኪበርድ ጥላ ያዙ ብሎን በእግሩ ቀድሞን መጣ እኮ።»

ይህ የቀጣሪ ልማድ ነው፣ ገላባት ላይ ሠራተኛ የቀጠረ ሰው የሁሉንም ማጭድ ሰብስቦ በገመድ አስሮ ይይዛል፣ አለዚያ መንገድ ላይ ሌላ ባለእርሻ ሲጠራቸው ጥለውት ይሄዳሉ። ወደ ራኩባው ሄድኩ፣ እነሱም ተከተሉኝ። ማጭዶቹ በአንድ ገመድ ታስረው መካከለኛው ምሰሶ ላይ ተሰቅለዋል፣ ይርጋ ሁልጊዜ የሚሰቅልበት ቦታ ነው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ለይተው አነሡ። ውኃ ቀዳሁላቸው።

«ምን ለብሶ ነበር?» አልኳቸው፣ ሌላ የሚጠየቅ ነገር አልመጣልኝም።

«ጀለቢያ ነዋ፣ እንደ አገሬው» አለ ካሴ። «እትዬ፣ እንዴት ቻሉት ግን? ከገላባት እስከ መገንጠያው ትምህርት ቤት ገብተን ወጣን እኮ። ጫካው፣ ከሰሉ፣ የማሽላው ቁመት፣ የመካው መንገደኛ፣ ቢጠይቁኝ ልደግምልዎት እችላለሁ።»

«መንገድ ዳር ያለችው ላሎብ፣ በደረቅ ሜዳ ላይ የምትበቅለዋ እሾሃማ ዛፍ ጋ ሲደርስ ግን ዝም አለ» አለ ደምሌ። «የሎሪውን ጣራ መትቶ አስቆመና ወደ ዛፏ አሳየን። እዚያ ሥር ሴት ልጄ አለች አለን፣ ጡት ሳትጥል የሞተች፣ እናቷ በነጠላዋ ገንዛ የቀበረቻት። ለእኔ ይኼ ወረዳ የሚጀምረው ከዚህ ነው አለ።»

እውነት ነው፣ የገነዝኳት እኔ ነኝ። ስንሰደድ ነው፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ለማንም ነግረን አናውቅም፣ እርስ በርሳችንም አንሥተነው አናውቅም። ስንት ዓመት በዚያች ላሎብ አጠገብ በሎሪ አልፈናል፣ ይርጋ አንገቱን ዞር አድርጎ አያያትም፣ እኔ የረሳት ነበር የሚመስለኝ።

«እሱስ የት ሄደ?» አለኝ ደምሌ።

«ወጣ ብሏል» አልኩት። መሞቱን ብነግራቸው በዚያው እግራቸው ይመለሳሉ፣ ሰሊጡም ይረግፋል፣ ቤቱም ይሄዳል። ደግሞ ሌላ ነገር ነግሯቸው እንደሆነ መስማት ፈልጌ ነበር።

በማግስቱ አጨዳ ጀመሩ። እኔ ከኋላ ከኋላቸው እየሄድኩ ነዶውን አስራለሁ፣ ሐጃ መርየም በማሳዋ በኩል መጥታ ሠራተኞች በማግኘቴ ደስ ብሏት በዓረብኛ መረቀቻቸው፣ «ይርጋን አላህ ይማረው፣ ሚስቱን ደረሳችሁላት» አለቻቸው። ሌሎቹ አልገባቸውም፣ ደምሌ ግን ሱዳን የከረመ ሰው ነው፣ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን አለች?» አለ ካሴ።

«ባለቤታቸው ሞቷል አለች።»

ካሴ ሊስቅ ሲል፣ የደምሌን ፊት አይቶ ተወው።

«መቼ?» አለኝ ደምሌ።

«ክረምት ላይ።»

ማጭዳቸውን እንደያዙ ቆሙ። እኔ ነዶዬን ማሰር ቀጠልኩ። ደምሌ ወደ ራኩባው አየና «እንግዲህ ሰሊጡ ምን አጠፋ» ብሎ አጎነበሰ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ጨረሱት፣ አንድ ነዶ አልረገፈም። ራኩባው ውስጥ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አላደሩም፣ ሜዳ ላይ ተጠጋግተው ይተኛሉ፣ ካሴም ቀልዱን አቆመ።

በኋላ መፋዛ ገበያ ያመጣቸውን ሹፌር አግኝቼ ጠየቅሁት። እሱ ከኋላ ማን እንደተሳፈረ አላየም፣ ላሎቧ ጋ ጣራው ተመትቶ መቆሙን ግን ያስታውሳል፣ ማንም ሳይወርድ እንደገና ተመታና ሄድኩ አለኝ። ሌላ ይርጋ የሚባል ሰው ይኖር ይሆናል ብዬ አስቤአለሁ፣ ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት ስለ ልጃችን ለአንድ ሰው ነግሮት ይሆናል ብዬም አስቤአለሁ። ምሰሶው ላይ የተሰቀሉት ማጭዶች ጋ ስደርስ ግን ማሰቡን እተወዋለሁ።

አጨዳው አልቆ ሊሄዱ ሲሉ ደምሌ ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ፣ ሳልነግርዎት ብሄድ ይከነክነኛል» አለኝ። «መገንጠያው ላይ ሲለየን፣ ከርሞም ገላባት ላይ ጠብቁኝ፣ ከሌላ ሰው ጋር እንዳትሄዱ ብሎናል። ከርሞ ብንመጣ ማንን እንጠብቅ?»

«እኔን ጠብቁ» አልኩት።

በዓመቱ ገላባት ወረድኩ። ሠራተኞች የሚሰበሰቡበት ቦታ ሻይ የምትሸጥ ሴት ደምሌንና ጓደኞቹን ታውቃቸዋለች፣ መጥተው ነበር፣ በጠዋት አንድ ሰው ጭኗቸው ሄደ አለችኝ፣ ሰውዬውን በደንብ አላየችውም። እኔ ጋ አልመጡም። ሌሎች ቀጥሬ ተመለስኩ፣ መሬቱንም አልተቀማሁም። አሁን መከር ሲደርስ ገላባት የምወርደው እኔ ነኝ፣ ማንንም ከመቅጠሬ በፊት ከእኔ ቀድሞ ያናገራችሁ ሰው አለ ወይ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።