ክሬሸሩ ከቆመ በኋላ

ወሬ እንዳይመስላችሁ። በየሺወርቅ ላይ የደረሰ ነው... ደባርቅ አጠገብ፣ በቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ።

ሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ነው። ለአስፋልቱ ድንጋይ የሚፈጭ ክሬሸር ከከተማው ወጣ ብሎ ተተክሎ ነበር። ሲነሳ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። አጠገብህ ያለ ሰው አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለህ እንጂ ቃሉ አይሰማህም።

የሺወርቅ የሠራተኞቹ ደህንነት ተቆጣጣሪ ነበረች። ደንቡን አሳምራ ታውቀዋለች። እንዲህ ባለ ጩኸት ውስጥ ማንም ያለ ጆሮ መከላከያ አይቆምም።

መከላከያዎቹም መጥተው ነበር።

አለቃዋ ግን፣ «ይቆሽሻሉ። ከላይ ሰው ሲመጣ ያደርጓቸዋል» አላት።

እሺ አለች። መጋዘን ከትታ ቆለፈችባቸው።

ዓመት ሳይሞላ የሰዎቹ ጆሮ እየደነዘዘ ሄደ። የባሰባቸው ጋሽ ደምለው ነበሩ፤ ድንጋዩ ከሚፈስበት አፍ ሥር የሚውሉት።

አንድ ቀን ሚስታቸው ምሳ ይዘው መጡና፣ «እናንተ ዘንድስ ይሰማል? እኔ ብጠራው ብጠራው ዘወር አይልም» አሏት።

የሺወርቅ መሬት መሬት አየች።

በማግስቱ ማንንም ሳትጠይቅ መጋዘኑን ከፈተች። ካርቶኑን ታቅፋ ስትወጣ ክሬሸሩ ለምሳ ቆመ።

ጉም ግቢውን ሞልቶታል። የዘበኛው ውሻ መኪና ሥር ገብቶ ተለጥፏል። ቁራ እንኳ አይጮኽም...

ጋሽ ደምለው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ገና ሳትደርስባቸው በሹክሹክታ፣

«ቀስ በይ... ሰማሁሽ» አሉ።

ደስ አላት። «ጋሽ ደምለው፣ ይሰማዎታል?»

ዘወር አላሉም።

ዞራ ፊታቸው ቆመች። ያኔ ደነገጡ።

«አንቺ ነሽ? ታዲያ... ያቺ ማን ናት?»

የሺወርቅ ማንም እንደሌለ በእጇ አሳየቻቸው።

«አለች። ማሽኑ ሲቆም ነው የምትጀምር። መጀመሪያ ከሩቅ ነበር... አሁን እዚህ ናት።» ጆሯቸውን ነኩ።

«ምን ትላለች?» አለች የሺወርቅ፣ እንዲገባቸው ከንፈሯን አጉልታ እያንቀሳቀሰች።

ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ።

«‹አውቅ ነበር› ነው የምትል። ‹አውቅ ነበር... አውቅ ነበር...› ሌላ ቃል የላትም።»

ፊቷ እንደ እሳት ጋለ። መከላከያውን አውጥታ በገዛ እጇ አደረገችላቸው። «ይቅር ይበሉኝ» አለች፣ እንደማይሰሟት እያወቀች።

ጋሽ ደምለው ቀስ ብለው አወለቁት።

«በዚህ አትቀርም ልጄ። ከውጭ አይደለም የምትመጣው።»

ጉሙ ገለል አለ።

ሠራተኞቹ ከድንጋዩ ክምር ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ምሳቸውን አልነኩትም። ነፋስ የለም፣ ማሽን የለም፣ ኮሽታ የለም...

ሁሉም በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ደፍነዋል።

ዓይናቸው የየሺወርቅ አፍ ላይ ነው።

አፏ ግን ዝግ ነበር።