ወላሂ ጨርሻለሁ

«እስቲ መደቤን ልንካው» አለችና የዊዳድ አክስት ዳሃቦ ሌባ ጣቷን ስልኩ ላይ ባለው ካርታ ላይ አሳረፈች። ቀፊራ ገበያ አጠገብ፣ የደቻቱ ወንዝ የሚታጠፍበት ቦታ፣ ራሷ ቲማቲም የምትሸጥበት ጋ።

ስልኩ በዊዳድ ጓደኛ በኑርሀን የተቀዳ ድምፅ መለሰላት፤ «እዚህ ጎርፍ አይደርስም። ዝናብ ሲመጣ እዚሁ ቆዩ።»

ዳሃቦ ከት ብላ ሳቀች። «ናያ፣ አንቺ ልጅ! አምና ቲማቲሜን ከነሳጥኑ የወሰደው ታዲያ ምንድን ነው? ወይስ ጎርፉ ይሄን ስልክ አላየውም?»

ዊዳድ አልሳቀችም። ኑርሀንማ ፊቷ ጋለ።

የጎርፍ ማስጠንቀቂያ አፑን የሠሩት ሁለቱ ናቸው፤ ለትምህርት ቤታቸው ክበብ። ዊዳድ ከተማውን በእጇ ሳለችው። የኑርሀን ሥራ ከሥዕሉ ሥር የማይታይ ሌላ ካርታ መቀባት ነበር፤ ጎርፍ የሚደርስበትን ቀይ፣ የማይደርስበትን አረንጓዴ። ሰው ካርታውን ሲነካ አፑ ከጣቱ ሥር የተደበቀውን ቀለም ያይና ይናገራል። ችግሩ ደቻቱ ነው። ይጣመማል፣ እዚህ ይሰፋል፣ እዚያ ይጠባል። ጠርዙን እየተከተሉ መቀባት አሰልቺ ነው። ኑርሀን አልተከተለችም። ቀጥ ያለ ቀይ ሳጥን ከላይ እስከ ታች ጎተተች፣ የቀረውን በአረንጓዴ ሞላች፣ ከዚያ ድራማዋን ከፈተች።

ዊዳድ «መታጠፊያዎቹንስ?» ብላ ስትጠይቃት፣ «አቦ፣ ወላሂ ጨርሻለሁ!» አለቻት።

ድሬ ላይ ወላሂ እንደ ጨው ነው፤ በየወሬው ጣል ይደረጋል። ሻጩም ይምላል፣ ባጃጅ ነጂውም ይምላል። ዊዳድ ግን በዋዛ አትምልም። ጓደኛዋ ከማለችላት ደግሞ ሁለተኛ አትጠይቅም። የተደበቀውን ካርታ ከፍታ ያላየችውም ለዚህ ነው።

«የኔ ጥፋት ነው» አለች አሁን ዊዳድ። «መታጠፊያውን አሳስቼ ነው የሳልኩት።»

«ምናልባት ቀለሙ…» አለች ኑርሀን።

«አይ፣ ቀለሙንማ ምለሽልኛል።»

ውይ! ብትሰድባት ይሻል ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ኑርሀን መሬት መሬቱን ታያለች።

«የክበባችን መምህር ዓዋሌ ነገ ለአንደኛ ክፍል ልጆች ሊያሳዩት ነው» አለች ዊዳድ። «አንዱ ሕፃን አምኖን እዚያ ቢቆምስ? ሥዕሉን አጠፋዋለሁ፤ አፑ ይቅር።» አውራ ጣቷ ማጥፊያው ላይ ደረሰ።

«ቆይ! ስልኩን ስጪኝ» አለች ኑርሀን ነጥቃ። «ቤት ወስጄ አስተካክለዋለሁ።»

ዊዳድ ዓይኖቿ ዕንባ ሞልተው «የኔን ስህተት ልታርሚልኝ?» አለቻት። «እንዳንቺ ዓይነት ጓደኛ የት አለ!»

ኑርሀን ስልኩን ይዛ ዞረች። አሁን ቤት ሄዳ ብትቀባው ማንም አያውቅም፤ እንዲያውም ትመሰገናለች። ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ሦስተኛው እምቢ አላት። ተመልሳ የተደበቀውን ካርታ ከፈተችና ስልኩን ወደ ዊዳድ አዞረች።

ደቻቱ ይታጠፋል፤ ቀዩ ሳጥን ግን ቀጥ ብሎ ወርዷል። የዳሃቦ መደብ አረንጓዴው ውስጥ ነበር።

ዊዳድ አተኩራ አየችው። «ወላሂ ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ» አለች ኑርሀን። «ዋሽቼሽ ነው። ሥዕልሽ ልክ ነው።»

ዳሃቦ ሁለቱንም አይታ ቲማቲሟን መደርደር ቀጠለች። ዊዳድ ዕንባዋን በሻሿ ጠረገችና ፊቷን አዞረች። «ቀቢው» አለች። «ግን ዛሬ አታናግሪኝ።»

«ወላ…» ብላ ጀመረች ኑርሀን፤ ቃሉን መልሳ ዋጠችው። «እሺ» አለች ብቻ።

ከዚያ ዳሃቦ አጠገብ ተቀመጠችና ስልኩን ጭኗ ላይ አደረገች። «አክስቴ፣ ውሃው አምና እስከየት ነው የደረሰው? አሳዪኝ።»

ዳሃቦ በጣቷ መስመሩን አሳየቻት። ኑርሀን ከላይ ጀምራ፣ በደቻቱ ጠርዝ ላይ ቀስ እያለች፣ መቅባት ጀመረች።