የሐሙስ ስታርች

ሠራተኛው ጥጋቡ በወረቀት ፋብሪካው መጋዘን ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ፊቱ ተልጧል፤ ማጅራቱ ከብረት መደርደሪያው ጋር ተጋጭቶ ደም ቋጥሯል። መቶ አለቃው ብዙ አልተጨነቀም፤ «ጥላዬ አሲድ ደፍቶበት መታው» ብሎ ደመደመ። ጥላዬ ካላክላ ሰፈር ውስጥ ከሟቹ ጋር አንድ ክፍል የሚጋራ የማሽን ሠራተኛ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ እስር ቤት ሊወስደው ወስኖ፣ እስከዚያው ቃሉን ወደ ዐረብኛ እንድታስተረጉም ሙላቷን አስጠራ። ሙላቷ በጎንደር ፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ዛሬ በስደት ዐማራት በተባለው ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች። ሰው ካልሞተ ወይም ካልታሰረ ማንም አያስታውሳትም።

«ተጣልታችሁ ነበር?» አለችው ጥላዬን።

«በየቀኑ እንጣላለን፣ እትዬ። ትናንት በክፍላችን መስኮት ሰበብ ነው። እኔ ለአቧራው ይዘጋ እላለሁ፤ እሱ በመንገዱ የሚያልፈው ሰልፈኛ ሲዘምር መስማት ይወዳል።»

ሙላቷ ጎንበስ አለች። ከሬሳው አጠገብ የወደቀው የአልሙኒየም ጣሳ ጠርዙ ተበልቶ ጠቁሯል። ወዲያ ማዶ ስታርች የተጻፈበት ከረጢት አፉን ከፍቷል።

«ጥጋቡ በዚህ ምን ሊያደርግ ነበር?»

የፋብሪካው ባለቤት ኢሳ መለሰላት። «ትናንት ሐሙስ አልነበር፣ ሲት ሙላቷ? ለአርብ ጀለቢያ ማጠንከሪያ ሠራተኛው ሁሉ እፍኝ እፍኝ ይወስዳል። እኔም ወላሂ እወስዳለሁ! ጥጋቡም ለቤተ ክርስቲያን ሸሚዙ በፈላ ውኃ ይበጠብጣል። ትናንት ደግሞ መብራት አልነበረም።»

የሒሳብ ሹሙ ጃፋር ልብሱን ለአጣቢ የሚሰጥ፣ ከፎቁ የማይወርድ ሰው ነው። «ያላ፣ መጋዘኑ ቶሎ ይለቀቅልን» አለ። «እሑድ የቀረጥ መርማሪዎች ይመጣሉ።»

«ምን ሊያዩ?»

«ቀረጥ የሚመለሰው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ለሚቀር ዕቃ ብቻ ነው። ስታርች ይቀራል። የሚያቃጥለው ኮስቲክ ሶዳ ግን ገለባውን አብስሎ ታጥቦ ይሄዳል።»

«ካልተመለሰላችሁስ?»

«እንዘጋለን» አለ ቀስ ብሎ።

ሳይመሽ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከረጢቱን መካከላቸው አስቀመጠች። «እንደ ልማዳችሁ እፍኝ እፍኝ ዝገኑ።»

ኢሳ ግራ እየተጋባ ዘገነ። ጥላዬም ዘገነ። ጃፋር ሁለት እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ምነው፣ ኡስታዝ? ስታርች ነው እኮ፤ ከሱቅ አስመጥቼ የሞላሁት እኔ ነኝ» አለች ሙላቷ። «ትናንት ግን ሶዳ ነበረበት። ስታርች አልሙኒየም አይበላም፤ ሶዳ ይበላል። ጥጋቡ ከሁሉ ቀድሞ ዘግኖ በጨለማ የፈላ ውኃ ውስጥ ሲጨምረው ገንፍሎ ፊቱን ላጠው፤ ሲሸሽ ብረቱ ላይ ወደቀ። ሶዳው ስታርች ተብሎ እንዲቆጠር ከረጢቱን የለወጠው ማን ነው? ኢሳ ይጠቀማል፤ ግን ራሱ በሚዘግንበት ከረጢት መርዝ አይጨምርም። ጥላዬም እንዲሁ። የለወጠው የሐሙሱን ልማድ የማያውቅ፣ ውስጡ ያለውን ግን የሚያውቅ ነው።»

«ሰው ይነካዋል ብዬ አላሰብኩም» አለ ጃፋር። «መቶ ቤተሰብ እንዳይበተን ብዬ ነው።»

መቶ አለቃው ጃፋርን ይዞ ወጣ። ኢሳ ጥላዬን ትከሻውን መታ አደረገው። «ማዕሌሽ፣ ይቅርታ ልጄ። ሂድ ቤትህ።»

ጥላዬ ግን ከበሩ አልራቀም። «እትዬ፣ እዚያ ክፍል ብቻዬን ገብቼ አላውቅም።»

ሙላቷ ይዛው ወደ መንገዱ ወጣች። ወደ ቤቷ የሚወስደው የዐማራት ሚኒባስ ሲመጣ አሳለፈችው፤ ቀጥሎ ወደ ካላክላ የሚሄደው ሲቆም ቀድማው ተሳፈረችና አጠገቧ ቦታ ያዘችለት።