ቀድሞ የተነገረ መርዶ

የፖሊስ መርማሪው መቶ አለቃ ሽባባው በማለዳ የተጠራው ከዳንግላ ከተማ ዳር ወደሚገኘው የኑግ ዘይት መጭመቂያ ነበር። ሠራተኞች ሥራ ሊጀምሩ ሲገቡ የሠራተኞች ጉዳይ ሹሙን ገበየሁን ተጨምቆ የቀረው የኑግ ቅሪት፣ ፋጉሎው፣ በሚከማችበት ክፍል ውስጥ ወድቆ አገኙት። ከኋላው ተመትቷል። አጠገቡ አንድ የወይራ ዱላ ተጥሏል። የማን ዱላ እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ አላስፈለገም፤ ጫፉ ላይ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት የክንዴ ዱላ ነው።

ክንዴ የመጭመቂያው ሠራተኛ ነው። መቶ አለቃው ከፖሊሶቹ ጋር ሲደርስ እጁ የፊጥኝ ታስሮ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከሰዓት በኋላ በሚነሳው መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ሊላክ ተወስኗል። እዚያ የሚጠብቀው የስቅላት ገመድ እንደሆነ ሚስቱን ጨምሮ ማንም አልሳተውም።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሀብቱ እንዲህ ባለ ቀን እንኳ ክራቫታቸውን ማሰር አልረሱም።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ። «ትናንት ገበየሁ ቢሮው አስጠርቶ አባረረው። እያለቀሰ ሲወጣ ሰው አይቶታል። ሲመሽ ተመልሶ ገደለው።»

«ሲያባርረው እርስዎ ነበሩ?»

«የሠራተኛውን ጉዳይ ለሱ ሰጥቼ የለም እንዴ! አዲስ አበባ ልኬ ያሠለጠንሁት ለዚህ ነው። ሲመለስ ደጅ ጥናት ይቅር አለ። ሰው በዝምድናው ሳይሆን በሥራው ይመዘን፣ እያንዳንዱ የሥራ ድርሻው ተለይቶ ይነገረው አለ። እኔም እሺ አልሁ።»

መቶ አለቃው ሬሳው ላይ ጎንበስ እንዳለ ከበሩ ጩኸት ተሰማ። የገበየሁ እናት ወይዘሮ እታለማሁ ከአዲስ ቅዳም ከመጣ የጭነት መኪና ላይ እየወረዱ ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋቸዋል፤ ወንድማቸውና የነፍስ አባታቸው ይከተሏቸዋል። ሠራተኞቹ ሊቀበሏቸው እያለቀሱ ሮጡ። መቶ አለቃው ብቻ ካለበት አልተንቀሳቀሰም። ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ሴቲዮዋን አየ።

ከክንዴ ጀመረ።

«ተባረርህ ይባላል።»

«ማን ነው ያባረረኝ?» አለ ክንዴ። «የመጭመቂያው ክፍል ኃላፊ ሆነሃል ነው ያለኝ ገበየሁ።»

«ለምን አንተን?»

«እኔም እሱኑ ጠየቅሁት። ‹ካንተ ጋር የሚሠሩ ሰዎች እጃቸው በማሽን አይጎዳም፤ ሥራ ጥለውም አይሄዱም። እኔ የመዘንሁት ይኸን ነው› አለኝ።»

«ታዲያ ምን አስለቀሰህ?»

«ደስ ሲለኝ አለቅሳለሁ፤ ምን ላድርግ ጌታዬ?»

«ዱላህስ?»

«ዱላ ይዞ ቢሮ መግባት ገበየሁ ከልክሏል። በረንዳው ላይ አስደግፌ ገባሁ። ከዚያ ለሚስቴ ልነግራት ስሮጥ ረሳሁት። ቤቴ ደርሼ ነው ትዝ ያለኝ።»

መቶ አለቃው ጎጃም ውስጥ ተወልዶ ያደገ ነው። ተባርሮ፣ ተዋርዶ የሚወጣ ወንድ ዱላውን ጨብጦ እንደሚወጣ ያውቃል። ዱላ የሚያስረሳ ነገር ብዙ አይደለም። ነገር ግን ይህን ለዳኛ ቢነግረው እንደሚስቅበትም ያውቃል።

አቶ ሀብቱ ስለ ሹመቱ ሲጠየቁ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «እኔ የማውቀው ሹመት የለም» አሉ።

ጸሐፊያቸው ውቢት ስትጠየቅ መጀመሪያ የአለቃዋን በር አየች።

«ክንዴ ተሾመ ወይስ ተባረረ?»

«እኔ የታዘዝሁትን ነው የምጽፍ ጌታዬ።»

«የታዘዝሽውን አልጠየቅሁሽም። የሰማሽውን ንገሪኝ።»

«እኅቶቼን የማሳድገው በዚች ሥራ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።  መቶ አለቃው አልተቆጣትም፤ ፍርሃቷ ራሱ መልስ ነበር።

አዝመራው የመጭመቂያው ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ ነው። ሽበት የወረረው፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። ፋጉሎው ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ያለቅስ ነበር።

«ገበየሁን ያስቀጠሩት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«ዋስ ሆኜ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የጓደኛዬ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ያሳደግሁትም እኔ ነኝ።»

«አሠራሩን ይወዱለት ነበር?»

«አንዳንዱን» አለ አዝመራው። «በዚህ ሳምንት ሰብስቦን የየሰዉን የሥራ ድርሻ ሊያነብብ ሲል ተናደድሁ። ያዘልሁት ልጅ ሥራዬን ሊነግረኝ! ገና ሳይጀምር ትቼው ወጣሁ። አሁን ምነው ቁጭ ብዬ በሰማሁት እላለሁ።»

«ተጠባባቂ የሆኑት መቼ ነው?»

«ጸጉሬ ጥቁር ሳለ።»

ዘበኛው እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፍቶ ቀረበ። «ድሮ ቢሆን ማታውኑ አገኘው ነበር» አለ። «ሲመሽ ፋኖስ ይዤ ክፍሉን ሁሉ እዞር ነበራ። በዚህ ሳምንት በስብሰባው ላይ ገበየሁ ‹ያንተ ሥራ በሩና አጥሩ ብቻ ነው› አለኝ። እኔ ስዞር በሩ ክፍት እየሆነ ዘይት ይሰረቅ ነበር። እናም አልገባሁም። አንዳችንም ሳናውቅ እዚያ ወድቆ አደረ።»

መቶ አለቃው የመጨረሻውን ጥያቄ የያዘው ለወይዘሮ እታለማሁ ወንድም ነበር።

«መርዶውን ማን አመጣላችሁ?»

«ትናንት ማምሻውን አንድ ባለጋሪ» አለ ሰውየው። «ከዳንግላ ሲወጣ አንድ ጋቢ የተከናነበ ሰው አስቁሞ በአገውኛ ላከው። ‹ገበየሁ ሞቷል። ለእናቱ ብቻዋን እንዳትነግሯት። የነፍስ አባቷ ይኑሩ፤ ሁለት ሴቶችም ይያዟት። የባሏን ሞት የሰማች ዕለት እሳት ላይ ወድቃለች› ብሎ አስጠንቅቆታል። እኛም እንደ ወጉ አሳድረን ሲነጋጋ ነገርናት።»

«የተከናነበውን ሰው ባለጋሪው ለይቶታል?»

«ድንግዝግዝ ነበር፤ ፊቱን አላየሁም ብሏል።»

መቶ አለቃው አመስግኖት ወጣ። የደብረ ማርቆሱ መኪና ነዳጅ እየቀዳ ነበር። ሾፌሩን ትንሽ እንዲቆይ አዘዘውና ሁሉም ወደ መጭመቂያው ክፍል እንዲሰበሰቡ አደረገ። ክንዴም እጁ እንደታሰረ መጣ። ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር የእናትየው ሲቃ ብቻ ይሰማል።

«ሬሳው የተገኘው ዛሬ ጠዋት ነው» ብሎ ጀመረ መቶ አለቃ ሽባባው። «መርዶው ከዳንግላ የወጣው ግን ትናንት ማምሻውን ነው። በዚያ ሰዓት ገበየሁ መሞቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ይኽ ሰው መርዶውን የላከው በአገውኛ ነው። አቶ ሀብቱ፣ አገውኛ ይሰማሉ?»

«ኧረ አንድ ቃል!» አሉ አቶ ሀብቱ፤ በሕይወታቸው ባለማወቃቸው እንዲህ የኮሩበት ቀን ያለ አይመስልም።

«ውቢትም አትሰማም። ከሠራተኛው ግን ብዙው ይሰማል፤ ክንዴም አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው።» ክንዴ አንገቱን ደፋ። «ቆይ፣ አልጨረስሁም። ገዳዩ መርዶውን ያኔውኑ ለምን ላከ? ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ዘበኛው እንደ ድሮው ፋኖሱን ይዞ ሲዞር ሬሳውን ማታውኑ ያገኘዋል ብሎ ነው። ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ ይሰማል፤ መርዶ የላከውን ማንም አይጠይቅም። ዘበኛው መዞር እንደተወ አያውቅም ነበር። ስብሰባው ላይ ክንዴ ነበር?»

«ከፊት ተቀምጦ» አለ ዘበኛው።

«እንግዲያው ክንዴ ያውቃል። የማያውቀው ስብሰባውን ረግጦ የወጣው ነው።» ወደ እናትየው ዞረ። «እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። የባልዎን ሞት የሰሙ ዕለት እሳት ላይ ሲወድቁ እዚህ ካሉት ሰዎች ማን ነበረ?»

ወይዘሮ እታለማሁ ቀና አሉ። ጥያቄው ወዴት እንደሚወስዳቸው ገና አልገባቸውም።

«አዝመራው ነዋ» አሉ። «መርዶውን የነገረኝም፣ ከእሳቱ ያወጣኝም እሱ ነው።»

 አዝመራው ጋቢውን ከፊቱ ላይ አወረደ።

«ሳታየው እንዳይቀብሩባት ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሌላ ነገር አላሰብሁም።»

እናትየው ወደ አዝመራው ተራመዱ። ሴቶቹ ደግፈው ያዟቸው።

«ምን አደረገህ?» አሉት። «ልጄ ምን አደረገህ?»

«ከዳኝ!» አለ አዝመራው። «ዋስ ሆኜ ያስቀጠርሁት ልጅ ከዳኝ። ትናንት አቶ ሀብቱ ጠርተው ‹እኔ አንተን ልሾም ነበር፤ እንቢ ያለው ገበየሁ ነው። አዝመራው አርጅቷል፣ ይሰናበት ብሏል› አሉኝ። ሲመሽ ያ ልጅ ራሱ ‹ፋጉሎ ማከማቻው ውስጥ ጠብቀኝ፤ የምነግርህ አለ› አለኝ። በረንዳው ላይ የነበረውን ዱላ ይዤ ጠበቅሁት። አፉን ሲከፍት ‹አልሰማህም› አልሁት። ‹አያ አዝመራው፣ ረጋ ስትል እመለሳለሁ› ብሎ ዞር ሲል መታሁት። ዱላውም የክንዴ ስለሆነ እዚያው ተውሁት። እሱም የኔን ቦታ ወስዶ የለ!»

«አልሰማኸውም?» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ውቢት ናት። ከጥጉ ወጣች። «አያ አዝመራው፣ ሊነግርህ የመጣው እኮ ሌላ ነው።»

«ውቢት!» አሉ አቶ ሀብቱ።

«ያባርሩኝ እንግዲህ!» አለች ዞር ብላ። «ክንዴን እሺ ብለው የሾሙት እርስዎ ነዎት፤ እዚያው ሆኜ ሰምቻለሁ። አያ አዝመራው ይሰናበት ያሉትም እርስዎ ነዎት። ገበየሁ ለመነዎት። ‹ይህን ያህል ዘመን ተጠባባቂ እያልን አሞኘነው፤ አሁን ደግሞ ሜዳ ላይ አንጥለው። የአዲስ ሠራተኞች አሠልጣኝ ይሁን፤ እኔንም ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው› አለዎት። ሲከለክሉት ‹እንግዲያው እኔም እለቃለሁ› አለ። ያን ጊዜ ነው እሺ ያሉት። ማምሻውን የሄደው ይኸን ሊነግረው ነበር።»

አዝመራው ወደ አቶ ሀብቱ ዞረ።

«እውነት ነው?»

አቶ ሀብቱ ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ሠራተኛን ማስተዳደር እኮ ቀላል አይደለም» አሉ። «አንተን ፊት ለፊት ማስከፋት ከብዶኝ ነው። እንዲህ ይሆናል ብዬ መች አሰብሁ? ጠዋትም ቢሆን፣ ስለ ሹመቱ ከተናገርሁ ላንተ ያልሁህ ነገር ይወጣል ብዬ ነው ዝም ያልሁት።»

«ዝም ብለህ እኔን ልታሰቅለኝ?» አለ ክንዴ። ለሥራ አስኪያጁ አንተ ሲል የመጀመሪያው ነበር፤ እርማት የሰጠው ግን አልነበረም።

አዝመራው መሬት ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ለፖሊሶቹ ዘረጋ። የገበየሁን ስም ደጋግሞ ይጠራ ነበር፤ አጠራሩ ትንሽ ልጅ ሲጠሩ እንደሚጠሩት ነበር። መቶ አለቃው ገመዱን ከክንዴ እጅ ፈታ። ገዳዩን ያገኘ መርማሪ ሊሰማው የሚገባ እርካታ አልተሰማውም። አቶ ሀብቱን የሚያስርበት ሕግ ፈልጎ በልቡ አጣ፤ ይህም አናደደው።

ሬሳው በአልጋ ተደርጎ ሲነሳ ወንዶች ለመሸከም ተሻሙ። አቶ ሀብቱም መሐረባቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱና ከፊት በኩል ያለውን የአልጋውን እንጨት ሊይዙ ጠጋ አሉ።

ወይዘሮ እታለማሁ ከሴቶቹ መሐል ወጥተው ፊታቸው ቆሙ።

«እርስዎስ አይንኩት፣ ጌታዬ» አሏቸው። «ገዳዩ እንኳ መርዶ ልኮልኛል።»

አቶ ሀብቱ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሰዉ አልጋውን አንሥቶ በጎናቸው አለፈ።